94 ላይ የቆመው ጊጋቢት

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከወሎ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት የቤት ኢንተርኔት ጉዳይ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ በዚህ ነገር ግራ ገብቶት ያለቦታው ገንዘብ የሚያወጣ ሰው በጣም ስለበዛ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነኝ። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። የምሠራው ቤቴ ነው፣ ከግቢያችን ሰርቪስ ቤቶች አንዱን ክፍል ስቱዲዮ አድርጌዋለሁ። የደንበኞቼ ዘመዶች ግማሾቹ ዓረብ አገርና አሜሪካ ስለሆኑ ቪዲዮውን የምልከው በኢንተርኔት ነው፣ ለዚህ ብዬ ፓኬጄን ወደ ጊጋቢት (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት) አሳደግሁ። ባለሙያው መጥቶ ሳሎን ያለው የፋይበር ሳጥን ላይ የራሱን ላፕቶፕ ሰክቶ ሲለካ ከ900 በላይ መጣ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን እኔ ኮምፒውተር ላይ 94 ነው። ጠዋት 94፣ ማታ 94፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ለካሁ፣ 94። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ ካርቶኑ ላይ 1200 ይላል። ከሱ እስከ ስቱዲዮዬ 30 ሜትር የሚሆን ገመድ በጣሪያ ስር አሳልፌያለሁ። አሁን ጓደኞቼ ባለ ስድስት አንቴና ራውተር ግዛ እያሉኝ ነው። ልግዛ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። አትግዛ፣ ቢያንስ ዛሬ አትግዛ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተህ መለካትህ ትልቅ ነገር አድርጓል። መስመር ሲጨናነቅ ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ይወርዳል፣ ሌሊት ይወጣል። ያንተ ንቅንቅ አይልም። ቁጥር እንዲህ አንድ ቦታ ተቸክሎ ከቀረ፣ ከፋይበር ሳጥኑ እስከ ኮምፒውተርህ ባለው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ሁለት ዕቃዎች በ1000 መግባባት አቅቷቸው በ100 ተስማምተዋል ማለት ነው። ለምን 100 አላለም ካልከኝ፣ ገመዱ ላይ የሚሄደው ሁሉ ያንተ ፋይል ስላልሆነ ነው። ፋይሉ በትንንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ነው የሚሄደው፤ እያንዳንዱ ጥቅል ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይለጠፋል፣ በጥቅሎቹ መካከልም ክፍተት አለ። ያ ሁሉ ሲቀነስ 94 ይቀራል። ጊጋቢትም ላይ እንደዚሁ ነው፣ ሁሉ ነገር ተስተካክሎ የምታየው 930 ወይም 940 ነው። 940 ካየህ ደርሰሃል፣ 1000ን አትጠብቅ።

ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርድ ታውቀዋለህ። መኪናህ የቱንም ያህል ቢፈጥን ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ከተጫነ ተሳቢ ኋላ ከገባህ የምትደርሰው በተሳቢው ፍጥነት ነው። ቤትህም ውስጥ አንድ ተሳቢ አለ። የት እንዳለ ሳናገኘው መኪና መቀየር ምን ይሠራልናል? የምጠረጥራቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፦ ራውተሩ፣ ገመዱ፣ ኮምፒውተሩ።

በራውተሩ ልጀምር። ካርቶኑ ላይ ያለው 1200 የዋይፋይ ቁጥር ነው። ዋይፋዩ በሁለት ሞገድ ነው የሚሠራው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ 867፣ ሁለቱ ተደምረው ወደ 1200 ተጠጋግተው የተጻፉ ናቸው። ከኋላ ስላሉት የገመድ ቀዳዳዎች ምንም አይነግርህም። ለምሳሌ የቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ50 እና አርቸር ሲ6 ሁለቱም 1200 ተብለው ይሸጣሉ፣ ጎን ለጎን ብታያቸው አትለያቸውም፤ የሲ50 ቀዳዳዎች ግን 100 ናቸው፣ የሲ6 ደግሞ 1000። ብዙ ቤት ያሉት ነጫጭ ባለ ሁለት አንቴናዎቹ 840ኤን እና 841ኤን የተባሉትም 100 ናቸው። ለ20 ሜጋ መስመር ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፣ ለጊጋቢት ግን አልተሠሩም። ስለዚህ ራውተርህን ገልብጥና ሆዱ ላይ ካለው ወረቀት ሞዴሉን አንብብ፣ ከዚያ ስሙን ፈልገህ ዝርዝሩን እይ። ቀዳዳዎቹ 10/100 ብቻ ከሆኑ ተሳቢውን አገኘኸው፣ መቀየርህ አይቀርም። 10/100/1000 ካለ ራውተርህ ነጻ ነው፣ ወደ ገመዱ እንለፍ። በነገራችን ላይ የአንቴና ብዛት ከዚህ ጉዳይ ጋር አይገናኝም። ባለ ስድስት አንቴና ሆኖ ቀዳዳው 100 የሆነ ራውተር ልትገዛ ትችላለህ፣ ያኔ ገንዘብህን አውጥተህ እዚያው 94 ላይ ነህ።

ገመዱ ላይ ቀስ እንበል፣ እኔ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው እሱን ነው። የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ፣ አራት ጥንድ። 100 ሜጋ የሚሠራው በሁለት ጥንድ ብቻ ነው፤ ጫፉ ላይ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እና 6ኛ ላይ የሚገቡት አራት ሽቦዎች ይበቁታል። ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። እንግዲህ አስበው፣ ከስምንቱ አንዷ ሽቦ ብትበጠስ፣ ለምሳሌ ቡናማዋ፣ ኢንተርኔትህ አይቋረጥም። መብራቱ ይበራል፣ ቪዲዮው ይከፈታል፣ ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም። ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርድና እዚያ ይኖራል። ለዚህ ነው ገመዱን ማንም የማይጠረጥረው።

እናቴ ቤት የደረሰውን ልንገርህ። ደሴ ነው፣ ክረምት ላይ። ወንድሜ መስመሩ ተፋጥኗል ብሎ ደስ ብሎት ሲለካ ልክ እንዳንተ 94። ሦስት ቀን ፈለግን። ራውተሩን ቀየርን፣ ኮምፒውተር ተዋስን፣ መስመሩን ወደሚያቀርቡት ሰዎች ደጋግመን ደወልን፣ እነሱም እኛ ጋ ችግር የለም አሉ፤ ልክ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ገመዱን ከግድግዳው ላይ እየተከተልኩ ስሄድ በሩ መቃን ላይ ጠምዘዝ ሲል ሚስማር ጠበቅ ተደርጎ ተመቶበታል። ልባሱ አልተቀደደም፣ ትንሽ ጎበጥ ብሏል እንጂ። ውስጡን ስንከፍተው ቡናማው ተቆርጧል። አዲስ ገመድ ሳብን፣ 938 መጣ። እናቴ ከመጀመሪያውም ያ ሚስማር ደስ አላለኝም ነበር አለች፣ እውነቷን ነው።

አንተም ገመድህን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅህ ተከተለው። በሩ ላይ የሚቆነጠጥበት ቦታ አለ? ጣሪያ ስር አይጥ አለች? አንዱን ገመድ ለሁለት ከፍሎ ለሁለት ኮምፒውተር ያደረገው ሰው አለ? ይሄ የመጨረሻው በየሰፈሩ የተለመደ ነው። ገመድ ለመቆጠብ ሲባል አራቱ ሽቦ ለአንዱ፣ አራቱ ለሌላው ይሰጣል። በ100 ጊዜ ብልሃት ነበር፣ ጊጋቢት ላይ ግን በፍጹም አይሠራም።

ከዚያ ጫፎቹን እይ። ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆኑ ቀለሞቹ ይታያሉ። የጫፉን መቆለፊያ ምላስ ወደ ታች፣ ገመዱን ወደ አንተ አድርገህ ሽቦዎቹን ከግራ ስታነብ እንዲህ መሆን አለበት፦ ነጭ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። ሰማያዊዎቹ አረንጓዴዎቹን ለሁለት ከፍለው መሀል መግባታቸው ስህተት አይደለም፣ እንደዚያ ነው የተሠራው። አንዳንድ ልጆች አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ አጠገብ እያደረጉ በሁለቱም ጫፍ እኩል ይገጥሙታል። ስምንት መብራት ያላት ርካሽ መፈተሻ ላይ ሁሉም ይበራል፣ ልክ ነው ይባላል። ግን ጥምዝማዛው ተበላሽቷል፣ ምልክቱ እርስ በርሱ ይረባበሻል፣ 30 ሜትር ላይ ጊጋቢቱ ወይ አይያዝም ወይ እየተቋረጠ ያስቸግራል። መፈተሻዋ ይህን አታይም፣ ዓይንህ ነው የሚያየው።

አዲስ ገመድ የምትገዛ ከሆነ ካት 5ኢ ይበቃሃል፣ እስከ 100 ሜትር ጊጋቢት ይሸከማል። ካት 6 በጥሩ ዋጋ ካገኘህ እሱም ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ አትሂድ። ከቁጥሩ ይልቅ ብረቱን እይ። ነጋዴው ፊት አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጋት። ውስጧም ቀይ ከሆነች መዳብ ናት። ከላይ ቀይ ሆና ውስጧ ብር ከመሰለች አሉሚኒየም ነው፣ መዳቡ የተቀባ ብቻ ነው፤ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ ጫፉም ላይ በጊዜ ብዛት ይላላል። ካርቶኑን ስታነሳው በጣም ቀለለብህ? እሱም ምልክት ነው። ደግሞ ካንተ ቤት እስከ ሰርቪሱ ገመዱ በግቢ የሚያልፍ ከሆነ ፀሐይ የሚችል የውጭ ገመድ በቱቦ አሳልፈው። ሐምሌና ነሐሴ መብረቅ ሲበዛ ከሁለቱም ጫፍ ንቀለው። ስንት ሰው ኮምፒውተሩ በዚያ ገመድ በገባ መብረቅ ተቃጥሎበታል።

ሦስተኛው ኮምፒውተርህ ነው። እዚህ አጭር ነው። ዊንዶውስ ላይ የኔትወርክ ቅንብሩን ክፈትና ኢተርኔት ውስጥ ሊንክ ስፒድ የሚለውን ፈልግ። 100/100 ካለ ችግሩ ከኮምፒውተርህና እሱ ከተሰካበት ቀዳዳ መካከል ነው፤ 1000/1000 እያለህ 94 የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ተሳቢው ከራውተሩ ወደ ፋይበር ሳጥኑ ባለው በኩል ነው። ይቺ አንዲት መስመር የግማሽ ቀን ልፋት ትቀንስልሃለች። ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አስማሚ የምትጠቀም ከሆነ ቀዳዳው ዩኤስቢ 2 እንዳይሆን፣ እሱ ራሱ ከ480 አያልፍም፣ በተግባር ከዚያም በታች ነው።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ለካ፦ መጀመሪያ አጭር ገመድ ይዘህ ቀጥታ የፋይበር ሳጥኑ ላይ፣ ከዚያ በዚያችው አጭር ገመድ ራውተሩ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ስቱዲዮ በረጅሙ ገመድ። ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ኮምፒውተር። ቁጥሩ የወደቀበት ቦታ ላይ ቁም፣ እዚያ ያለውን ብቻ ቀይር። ስፒድ ቴስቱ ላይ ደግሞ ቅርብ ያለ ሰርቨር ምረጥ፣ አሜሪካ ያለውን መርጠህ ከለካህ የምትለካው ቤትህን ሳይሆን ባሕር ማዶን ነው።

ይህን ሁሉ ጨርሰህ 400 ወይም 500 ላይ ከቆመ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ራውተሩ በሥራ በዝቶበታል። ለእያንዳንዱ ጥቅል የቤትህን አድራሻ ወደ ውጭ አድራሻ መቀየር አለበት፤ ብዙ ራውተሮች ይህን የሚሠሩበት ለብቻው የተዘጋጀ ፈጣን መንገድ አላቸው። የልጆች ቁጥጥር፣ ማን ስንት ተጠቀመ የሚለው ቆጠራ፣ ፍጥነት ማከፋፈያው፣ እነዚህ ሲበሩ ግን ጥቅሉ ሁሉ በዋናው አንጎል በኩል ይዞራል፣ አንጎሉም አይችለውም። አጥፋቸውና እንደገና ለካ። ፈርምዌሩንም (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) አድስ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ላንተ ሥራ ከሁሉም ይበልጣልና። አንተ የምትልከው ነው እንጂ የምታወርደው ትንሽ ነው። ጊጋቢት ተብሎ የተሸጠልህ መስመር ሲያወርድ 1000 ሆኖ ሲልክ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ውልህን አውጣና የመላኪያውን ፍጥነት አንብብ፣ ከሌለበት ጠይቅ። አንድ ሰርግ 40 ጊጋባይት ቢሆን በ50 ሜጋ ለመላክ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ በ94 አንድ ሰዓት ገደማ፣ በ940 ስድስት ደቂቃ። የምትደክምለት ቁጥር ይሄኛው ነው።

ጥያቄ፦ ወልድያ ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር። 100 ሜጋ እየከፈልሁ ፋይል ሳወርድ ግን 11 ወይም 12 ነው የሚለኝ። እየተጭበረበርሁ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ አልተጭበረበሩም፣ መስመርዎ ሙሉውን እየሰጠዎት ነው። የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ፋይል ሲያወርዱ የሚታየው ደግሞ በሜጋባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። 100ን ለ8 ሲያካፍሉ 12.5፣ የአድራሻው ወጪ ሲቀነስ 11 እና 12። ጊጋቢት የገባለት ሰውም የሚያየው ከ110 እስከ 118 አካባቢ ነው። ተማሪዎችዎ ቢጠይቁዎት እንዲያስረዷቸው ነው ቁጥሩን የጻፍሁልዎ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። ሁለት ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ ክረምት ሲመጡ ሰርቪስ ቤት ነው የሚያጠኑት። ፈጣን መስመር አስገብተን ሳሎን ስልኬ ላይ 500 ይላል፣ እነሱ ጋ ግን 20 እና 30። ራውተሩን ሳሎን ፍሪጁ ላይ ነው ያስቀመጥሁት፣ አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴል ጣል አድርጌበታለሁ።

መልስ፦ እትዬ፣ ሳሎን 500 ማግኘትዎ ጥሩ ነው፣ በስልክ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። አሁን ብዙ እጅ ላይ ያሉት ዋይፋይ 5 የሚባሉት ስልኮች እዚያው ክፍል ውስጥ ሆነው 500 ወይም 600 ያገኛሉ፣ ዋይፋይ 6 ከሆኑ 700 ወይም 800። ሙሉ ጊጋቢት በገመድ የሚታይ ነገር ነው፣ በስልክ ብቻ ለክተው መስመሩን እንዳይወቅሱት።

ዳንቴሉን ያንሱት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእጅ ሥራዎ እንደሆነ ይገባኛል፣ ለቴሌቪዥኑ ይሁን። ራውተር ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻዎቹ ናቸው፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ጨርቅ ሲደረብበት ይግላል፣ ሲግል ይቀዘቅዛል ሥራው፣ አንዳንዴም ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ከፍሪጁም ያውርዱት፣ ትልቅ ብረት ነው፣ ከጀርባው ያለውን ሁሉ ይጋርዳል። መደርደሪያ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ገለጥ ያለ ቦታ ይሁን።

ሰርቪሱ ግን በዚህ ብቻ አይድንም። በሳሎንዎና በሰርቪሱ መካከል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ይኖራል፣ ምናልባትም የቆርቆሮ ጣሪያ ወይም የብረት በር። ቆርቆሮ ዋይፋይን እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ፈጣኑ 5 ጊጋኸርዝ ደግሞ ግድግዳ ላይ ቶሎ የሚደክም ነው፣ ስለዚህ ልጆቹ ጋ የሚደርሰው ዘገምተኛው 2.4 ብቻ ነው። ሱቅ ሄደው ቢጠይቁ ሪፒተር ይሸጡልዎታል። አይግዙት። ያንኑ የደከመ ምልክት ተቀብሎ በዚያው አየር ላይ መልሶ የሚናገር ነው፣ ብዙዎቹ ፍጥነቱን ግማሽ ያደርጉታል። አንድ ጥሩ ገመድ ሳሎን ካለው ራውተር እስከ ሰርቪሱ ያስስቡ፣ ላይ ለደሴው ልጅ የጻፍሁትን ለሚገጥመው ሰው ያስነብቡት። ሰርቪስ ቤት ውስጥ ገመዱ ጫፍ ላይ ሁለተኛ ራውተር ያድርጉ። ልጆቹ ይችሉበታል፦ የሁለተኛውን ራውተር አድራሻ ከመጀመሪያው የተለየ አድርገው፣ አድራሻ ማደያውን (DHCP የሚለውን) አጥፍተው፣ ገመዱን በኢንተርኔት ቀዳዳው ሳይሆን ከሌሎቹ በአንዱ ይሰኩታል። የዋይፋዩን ስም አንድ ዓይነት ካደረጉት ስልኩ ራሱ ቅርብ ያለውን ይመርጣል። ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ራውተር ካለዎት በሱ ይጀምሩ፣ ቀዳዳው 100 እንኳ ቢሆን ከ30 ወደ 90 ያደርሳቸዋል፣ ለጥናት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ ዘጠኝ ክፍል ያለው ፔንሲዮን አለኝ። እንግዳ ሁሉ ዋይፋይ ነው የሚጠይቀኝ። ጊጋቢት ላስገባ ወይ?

መልስ፦ አሁን አያስፈልግሽም እህቴ። አንድ እንግዳ ጥራት ያለው ፊልም ሲያይ 5 ሜጋ ይበቃዋል፣ በጣም ጥራት ያለው ከሆነ ከ15 እስከ 25። ዘጠኙም ክፍል ባንዴ ባለ 5 ሜጋውን ፊልም ቢያይ እንኳ 100 ሜጋ ያንቀሳቅሰዋል። ልዩነቱን ለሁለት ነገር አውጪው። አንደኛ በየፎቁ ኮሪደር ላይ በገመድ የተያያዘ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ)፣ ገመዱን ከመጀመሪያው ካት 6 አድርጊው፣ ነገ ፍጥነት ስትጨምሪ ግድግዳ እንዳትሰብሪ። ሁለተኛ መብራት ሲሄድ ራውተሩንና የፋይበር ሳጥኑን የሚይዝ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ። ሁለቱም የሚበሉት ትንሽ ነው፣ ለሰዓታት ይይዝልሻል። ከመግዛትሽ በፊት ግን የሁለቱንም ዕቃ ቮልቴጅ ከአስማሚያቸው ላይ አንብቢ፣ አንዳንዱ 9 ቮልት ነው፣ 12 ሲሰካበት ሊቃጠል ይችላል።